የሚያስል ብረት

«አባትዎ ዓይናቸው መድከም የጀመረው መቼ ነበር?»

መነጽር ሠሪው ይህን የጠየቀኝ ለወሬ ያህል ነው። የአባቴን መነጽር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ ነበር። ፍሬሙ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው የቀኝ እግሩ ተሰብሮ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ጥምጥሙ ሲታይ የአባቴ እጅ መሆኑ ይታወቃል፣ አንዱ ዙር ከሌላው አይበልጥም። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ማንበቢያ መነጽር ያስፈልግሻል ተብዬ ነበር። አባቴ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር። ፍሬሙ ላይ የራሴን መስታወት ላስገባበት ብዬ ነው የመጣሁት።

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው መሰለኝ» አልኩት።

«እርስዎን ሳይሆን እሳቸውን ነው የጠየቅኩት» ብሎ ሳቀ። «ለማንኛውም የድሮውን መስታወት ቁጥር ለክቼ ልመዝግበው፤ አንዳንዴ የአባትን ዓይን ልጅ ይወርሳል። አሁን መብራት ስለሌለ ማሽኑ አይሠራም። ከሰዓት ብቅ ይበሉ።»

ወጥቼ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሄጄ መመለስ እችል ነበር። ለልቅሶው ከውጭ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ግን እንዲህ ሆኛለሁ፤ አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ ለመነሳት፣ ከተነሳሁ ለመቀመጥ ምክንያት አጣለሁ። ጥያቄውም አብሮኝ ተቀመጠ። ዓይኑ መቼ ደከመ?

አባቴ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ሱቃችንና ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በመሃል ያለው በር ክፍት ሲሆን ወጥ ቤቱ ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ሱቁ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት። እናቴ «ሰው ብስክሌት ሊያስጠግን መጥቶ ምሳ እየራበው ይሄዳል» ትል ነበር። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ ከእያንዳንዱ ኋላ ቅርጹ በቀይ ቀለም ተስሏል። የሳልኩት እኔ ነኝ። አንዱ መፍቻ ከቦታው ከጠፋ የቀይ ጥላው ብቻውን ይቀራል፤ አባቴም ጥላውን አይቶ «ማነው የሄደው?» ይላል።

አንድ የማይሽረው ደንብ ነበረው። ከብስክሌት ላይ አውጥቶ የሚቀይረው ዕቃ ሁሉ፣ አሮጌው ለባለቤቱ ይመለሳል። ዝም ብሎም አይመለስም፤ ታጥቦ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በሽቦ ታስሮ ነው። «ያወጣሁትን ካላሳየሁት ያስገባሁትን እንዴት ያምነኛል?» ይላል። ሌሎቹ ጠጋኞች ይስቁበት ነበር። «ሬሳውን ገንዞ የሚመልስ ሐኪም» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ደንበኞች ግን ይወዱለታል። ግማሾቹ ጥቅሉን ሳይፈቱ ቤታቸው መሳቢያ ውስጥ ይወረውሩታል፤ ቢሆንም ይወዱለታል።

ማጠቡ የእኔ ሥራ ነበር። ለሁለት የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ፣ እስከ ግማሽ ድረስ ላምባ፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ እፍኝ አመድ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጥቁር ሆኖ የገባውን ነጭ አድርጌ አወጣለሁ። እንደዚያ ሳጥብ ዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ከሥሩ ንጹሕ ነው፣ የቆሸሸው ከላይ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። እንደዚያ ያብለጨለጨሁት ዕቃ ወዲያው ጋዜጣ ውስጥ ይገባል። ማንም አያየውም። ሙሽራ አስጊጦ ጨለማ ቤት እንደ መቆለፍ ነበር።

አባቴ ብረት ያዳምጥ ነበር። የተጠራጠረውን ብረት በክር አንጠልጥሎ በመፍቻ ጫፍ መታ ያደርገዋል። ጤነኛ ብረት ይዘፍናል፤ ድምፁ ቀጭንና ረጅም ነው፣ አልቆ እንኳ ጆሮ ውስጥ ይቀራል። ውስጡ የተሰነጠቀ ግን ያስላል።

«ሰማሽው? አሳለ።»

«ጉንፋን ነው?»

«ሳንባው ነው» ይለኛል ኮስተር ብሎ፤ ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን።

ፖስተኛው የአባቴ ጓደኛ ነበር። ልጁ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ረጅምና ዝምተኛ ናት፤ እርሳሷን ሁልጊዜ በሁለቱም ጫፍ ትቀርጻለች። አባቷ ደግሞ ለሁለት ያወራል። ያን ቀን ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ገባ።

«ዶክተር! በሽተኛ አምጥቼልሻለሁ። ወረፋ አለ?»

«ይግቡ፣ ወረፋ የለም» አልኩት። «ምኗን ነው የሚያማት?»

«ፊቷን። ቁልቁለት ላይ ትንቀጠቀጣለች። ለሚስቴ ብነግራት 'እሷ አይደለችም፣ አንተ ነህ የምትንቀጠቀጠው' አለችኝ።»

አባቴ የፊት ጎማውን ፈታ። «እሷም አንተም አርጅታችኋል» አለው።

«ለእሷስ መለዋወጫ አለላት! ለእኔም ቢሸጥ ኖሮ ሚስቴ ገና ድሮ ገዝታ ትገጥምልኝ ነበር።»

አባቴ እየሳቀ ፔርኖውን አወጣው። ፔርኖ ማለት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ነው፣ የጣት ውፍረት እንኳ የለውም። በክር አንጠለጠለው። መታው። ሳቁን አቆመ።

ብረቱ አሳለ።

ወደ መስኮቱ ወስዶ አሳየኝ። ዘንጉን መሃል ላይ ዞሮ የሚሄድ ጥቁር መስመር አለ፤ ቀጭን ነው፣ ልብ ብለው ካላዩት አይታይም። «ታየሽ?»

«ፀጉር ነው?»

«ፀጉር ቢሆን በጠረግነው። ስንጥቅ ነው። ፊቱን በሙሉ የተሸከመው ይሄ ነው፤ ይሄ ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ…» ፖስተኛውን አየውና ተወው።

«ያለ ቴምብር ወደ ሰማይ እላካለሁ በለኛ!» አለ ፖስተኛው፤ ደብዳቤ የሞላውን ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደላድሎ ተቀመጠ።

አባቴ አዲሱን ከመደርደሪያው አወረደ። ከቡናማ ወረቀቱ ሲወጣ ዘንጉ አይታይም ነበር ማለት ይቻላል፤ ከፋብሪካው የተቀባው ወፍራም ቅባት አቧራ መስሎ ጠጥሮበታል። አዲስ ነው ቢሉት የማይታመን፣ ከጭቃ ውስጥ የተነሳ የሚመስል ነገር። እንደ ልማዱ እሱንም አንጠልጥሎ መታው። ዘፈነ። ከእኔ አጠገብ ጨርቅ ላይ አስቀመጠውና «አሮጌውን እጠቢው» አለኝ።

አጠብኩት። በላምባ፣ በብሩሽ፣ በአመድ፣ እንደገና በላምባ። የጥቁሩን መስመር ነገር እልህ ይዞኝ ነበር። አፍንጫዬን አስጠግቼ ፈተግኩት። መስመሩ መጀመሪያ ሳሳ፤ ከዚያ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ጠፋ። በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ምንም የለም። ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፤ እንደ መስታወት ያበራል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም መካድ አልችልም። ስንጥቁን አጥፍቼዋለሁ። አባቴ ያልቻለውን እኔ ችያለሁ። ደግሞስ ዶክተር ተብዬ የለ?

አባቴ ጎማውን አስተኝቶ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ትንንሽ የብረት ኳሶች አንድ በአንድ ወፍራሙ ቅባት፣ ግራሶው ውስጥ እየተከለ ነበር። አንዷ ኳስ ከወደቀች ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ስለዚህ እዚያ ሥራ ላይ ሲሆን ዓይኑን አያነሳም። ፖስተኛው አድራሻ ሳይጻፍበት ስለ ተላከ ፖስታ ይተርክለታል፤ አባቴ ያጎነበሰ ጀርባው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ቀኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ መዳፉ ክፍት ነበር።

«አዲሱን አቀብዪኝ።»

ይህን ታሪክ ለራሴ ስነግረው ለብዙ ዓመታት «ተቀላቀለብኝ» እል ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ተቀላቀለብኝ። አልተቀላቀለብኝም። አንዱ በግራዬ፣ አንዱ በቀኜ ነበር፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ጣቶቼን የማውቀውን ያህል አውቅ ነበር። ያ ጭቃ የመሰለው ተገጥሞ የእኔው ጋዜጣ ውስጥ ሊቀበር ነው ብዬ አሰብኩ። አንዴ እንኳ፣ አንዴ ብቻ፣ ያጠብኩት ነገር መንገድ ላይ ይውጣ።

መዳፉ ላይ የእኔን አስቀመጥኩለት። አዲሱን ያጠብኩለት መስሎት ይሆናል፣ ዓይኑን ከኳሶቹ ሳያነሳ አስገባው።

አዲሱን ጋዜጣ ውስጥ ጠቀለልኩት፣ በሽቦ አሰርኩት፣ ለፖስተኛው ሰጠሁት። «አሮጌው ይኸው» አልኩት። «ነፍስ ይማር» ብሎ ከደብዳቤዎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ብስክሌቷ ደህና መሆኗን ሲነግረን፣ ለአባቴ እነግረዋለሁ፤ በደስታ ብድግ አድርጎ ያነሳኛል። ምስጢሩን አፌ ውስጥ እንደ ከረሜላ ይዤው ዞርኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ርዕሰ መምህሯ በሩን ከፍታ የፖስተኛውን ልጅ ጠራቻት። ቦርሳዋን ሳትይዝ ወጣች። ጠዋት ቀይ እርሳሷን ተውሼ ጥዬባታለሁ፤ ልትከስሰኝ ነው አልኩ። እስከ ደወል ድረስ ምን ብዬ እንደምዋሽ ሳስብ ቆየሁ። አልተመለሰችም። በማግስቱም አልመጣችም። ለአንድ እርሳስ ይህን ያህል ቂም! ብዬ እኔም ተቀየምኳት።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ተለውጦ ነበር። ሰዎች ሲገቡ እናቴ የመሃሉን በር ትዘጋለች። «ቁልቁለቱ ላይ» ይላሉ፤ «ወፍጮ ቤቱ ጋ» ይላሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ይወርዳል። ፖስተኛው ወድቆ እንደ ሞተ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ መንገዱ ነው የጣለው አለችኝ። አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው የሚያስፈራኝ ያለቀስኩለት ነገር ነው። ለፖስተኛው አለቀስኩ፤ ግን ለዚያ ለሚያበራ ፔርኖም አለቀስኩ። እንደዚያ ለፍቼበት፣ መንገዱ አበላሸብኝ።

ሁለት ሰዎች የብስክሌቷን የፊት ጎማ አምጥተው ለአባቴ ሰጡት። ሲሄዱ በሩን ዘጋ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ። ለሁለት የተሰበረውን ዘንግ ከጎማው አውጥቶ ስብራቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ቀድሞ የተሰነጠቀው ግማሹ ፊት ጥቁር፣ አዲስ የተበጠሰው ግማሹ ነጭ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፣ ቀኝ እጄን አንስቶ ገለበጠው፣ ጥፍሮቼን አያቸው፣ መዳፌን አሸተተ። ቀስ አድርጎ ጭኔ ላይ መለሰልኝ።

«ተጣጥቤያለሁ» አልኩት። ምሳ ልንበላ ስለነበር እጄን ያጣራ መስሎኝ ነው።

«አውቃለሁ» አለ።

የፖስተኛው ሚስት ስትመጣ ቀኑ ስንት እንደነበር አላስታውስም። በመሃሉ በር ቀዳዳ የማየው ጥቁር ቀሚሷንና እጇ ላይ ያለውን የጋዜጣ ጥቅል ብቻ ነበር። ጥቅሉን አወቅኩት፤ የሽቦው አስተሳሰር የእኔ ነው።

«መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት» አለች። «የወጣው አሮጌው ነው ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ለሚያውቅ ሰው አሳየው። አዲስ ነው አለው። ቅባቱ እንኳ አልለቀቀም አለው።»

ጥቅሉን ወደ አባቴ ዘረጋችው።

«እኔ ብረት አላውቅም። አንተ ንገረኝ። ይሄ አዲስ ከሆነ የገጠምክለት ምኑን ነው?»

«ዓይኔ ነው» አለ አባቴ።

«ምን?»

«ዓይኔ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደክሟል። ሥራ እንዳላጣ ብዬ ደበቅኩ። ለይቼ አላየሁትም፣ እህቴ። አሮጌውን መልሼ ገጠምኩለት።»

ከግድግዳችን ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። እኔ የገባኝ ይኼ ነው፤ ሴትየዋ ዕቃ ልትመልስ መጥታለች፣ አባቴ ደግሞ እንዳይቀበላት ሰበብ እየፈጠረ ነው። ሰስቷል ብዬ አፈርኩበት። ለዚች ምስኪን እንኳ!

እሷ አልጮኸችም። ብትጮህ ኖሮ እረሳው ነበር። እንደ ልጅ፣ በእውነት ማወቅ እንደፈለገ ሰው፣ እንዲህ ብቻ ጠየቀችው፦

«ታዲያ መነጽር ለምን አላደረግህም?»

በዚያው ሳምንት አባቴ መነጽር አደረገ።

አዲስ ፊቱን አይቼ ሳቅኩበት። «ጉጉት መሰልክ፣ አባዬ» አልኩት፤ እሱም ፈገግ አለ። ቀጥሎ ዕቃ ሊገዛ ሩቅ ሄደ፤ አራት ወር ቆየ። ሲመለስ ከስቷል፤ ዕቃም አልያዘም፤ ለእኔ አንዲት ትንሽ የብስክሌት ደወል ብቻ ይዞልኛል። እንዴት አራት ወር ሙሉ ገበያ ውሎ አንዲት ደወል ይዞ ይመጣል ብዬ ገረመኝ። ጣቢያ ሄዶ ቃሉን የሰጠው ራሱ እንደነበር፣ ዳኛው ፊት «ዓይኔ ነው» ያለውን እንደደገመ፣ አራቱን ወር እስር ቤት እንደነበር የሰማሁት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ከእናቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቃችን አማረ። መፍቻዎቹ ወረዱ፤ ግድግዳው ላይ የቀሩት ቀይ ጥላዎቻቸው ናቸው። በቦታቸው ደወሎች ተሰቀሉ፣ የኮርቻ ልብስ በየቀለሙ፣ የመብራት መስታወት፣ የእጀታ ሪባን፣ ጓንት፣ የዝናብ ካፖርት። «ጥገና የለም» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ወጣ። አንዱ ገዢ ፍሬን ቢጠይቀው አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። «ፍሬን የለም። ካቴና የለም። ደወል አለ።» ሱቁ እንዲህ የደመቀው ለእኔ ሲል ይመስለኝ ነበር። የማይገድል ዕቃ ብቻ እየመረጠ እንደሚገዛ አልገባኝም። በሰፈሩ «ዕውሩ» ይሉታል፤ እኔም የልጅ ነገር፣ ቅጽል ስም ያለው አባት ስላለኝ እኮራ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ምንም ነገር እንዳጥብ አይፈቅድልኝም ነበር። ሰሃን ላነሳ ስል «ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ» ይላል። ብርጭቆ ሲያጥብ ደግሞ እያንዳንዱን በማንኪያ መታ አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል። ጨዋታ መስሎኝ ከጎኑ ቆሜ «ዘፈነ!» «አሳለ!» እያልኩ እፈርድ ነበር። እሱ አይስቅም። ጓደኞቼ ይቀኑብኝ ነበር፤ ሰሃን የማታጥብ ብቸኛዋ ሴት ልጅ እኔ ነበርኩ።

አንድ ከሰዓት እናቴና እሱ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እስከ መቼ?» አለች እናቴ።

«እስክታድግ።»

«ካደገችስ?»

«ያን ጊዜማ ምን ይጠቅማታል?»

በሚቀጥለው ዓመት አክስቴ ዘንድ፣ ሩቅ፣ ለትምህርት ተላክኩ። ሲነጋገሩ የነበረው ስለዚህ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያም ከአክስቴ ወደ ሌላ፣ ከሌላው ወደ ባሰ ሩቅ።

እዚያ በባሰ ሩቅ አገር፣ አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ዘንግ ይዞ ገባ። አዟዟረውና እንድናየው ሰጠን፤ እንከን የለውም አልን። ቀይ ፈሳሽ ቀባው፣ ጠረገው፣ ነጭ ዱቄት ነሰነሰበት። ዱቄቱ ላይ ቀስ እያለ ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ። ስንጥቅን የሚያሳየን ውስጡ የገባው ነገር ነው አለን። አጥቦ ያጸዳው ሰው ስንጥቁን አላጠፋም፤ ምልክቱን ነው ያጠፋው።

ተነስቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ የላምባ ሽታ ሸተተኝ። ከየት መጣ? በዚያ አገር ላምባ አይሸጥም።

በዚያ ሰሞን አባቴ በስልክ «ለመሆኑ ምንድነው የምትማሪው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

«ስለ ብረት፣ አባዬ። ለምን እንደሚሰበር።»

ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «ሌላ ትምህርት የለም?» አለኝ።

የሠራሁትን እንግዲህ ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የማላውቀው እሱ ያውቅ እንደሆነ ነው። በእውነት ዓይኑ ደክሞ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእሱም ነው፤ ዓይቶ ሊይዘው ሲገባ አልያዘውም፤ ለሁለት እንካፈለዋለን። በዚህ ግማሽ ነው ሃያ ዓመት የኖርኩት። መጠየቅ ነበረብኝ። በየክረምቱ ልጠይቀው ብዬ እደውልና ስለ ዝናብ አውርተን እንዘጋለን።

ሲሞት የፖስተኛው ልጅ ልቅሶ ልትደርስ መጣች። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እንደ ድሮዋ ረጅም፣ እንደ ድሮዋ ዝምተኛ። ጠረጴዛው ላይ መነጽሩን አየችው።

«ይኸን መነጽር እናቴ ገበያ ላይ ፊታቸው ላይ አይታው፣ ቤት ገብታ አለቀሰች» አለችኝ። «'እውነቱን ነው፣ ዓይኑ ነው' አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሆን ብሎ ነው፣ አሮጌ ገጥሞ የአዲስ ዋጋ ሊበላ ነው እያለች ትቃጠል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን በክፉ አንስታ አታውቅም። በሰላም ነው የሞተችው።» ስልኳን ጻፈችልኝ። «ብቻሽን ነሽ፤ የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ…»

ቀይ እርሳስሽ ጠፍቶብኛል ልላት አፌን ከፈትኩ። እሱን እንኳ አላልኩም።

መብራት መጣ። መነጽር ሠሪው ከበሩ ብቅ ብሎ በእጁ ጠራኝ።

ማሽኑ ላይ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ለካ። መስታወቱን በጨርቅ ጠርጎ ሦስተኛ ለካ። «ቁጥር የለውም» አለ።

«ጠፍቶ ነው?»

«አይጠፋም እኮ። ዜሮ ነው፤ ሁለቱም። የመስኮት መስታወት ይበሉት። ወይ ሻጩ አባትዎን አታሏቸዋል፣ ወይ ደግሞ ለወግ ነው ያደረጉት።» ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ሻጩ አታሎት ይሆናል። ይህን ያዝኩት፤ ለጥቂት ደቂቃ አጥብቄ ያዝኩት። ግን አባቴ አንድ የተሰነጠቀ ብርጭቆ በድምፁ የሚለይ ሰው ነው። ደግሞም ትዝ አለኝ፤ የደወል ሞላ ሲያስገባ፣ በመርፌ ክር ሲያሾልክ፣ የእኔን ደብዳቤ ሲያነብ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይገፋዋል። ሲጨርስ መልሶ ያወርደዋል። ሰው ሲገባ ሁልጊዜ እንደወረደ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት።

«ቅድም የጠየቁኝ» አልኩት። «ዓይናቸው መቼ ደከመ ላሉኝ። አልደከመም።»

የራሴን መስታወት አላስገባሁበትም። አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና የፖስተኛውን ልጅ ቁጥር አወጣሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። የመጀመሪያው ረጅም ነበር፣ ስለ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚናገር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ ይላል። የማን ይቅርታ? እናቷ በሰላም የሞተችው በዚህ መስታወት ነው። ብናገር ለእሷ ነው ወይስ ለእኔ? ዛሬም አላውቅም። ዝም ብል ግን አባቴ ሞቶም ዕውር ነው።

እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ለአባትሽ ብስክሌት አሮጌውን ፔርኖ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አልተሳሳትኩም፤ የቱ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አጥቤው አዲስ የሆነ መስሎኝ ነው። አባቴ ዓይኑ ጤነኛ ነበር። ቀይ እርሳስሽንም የጣልኩት እኔ ነኝ።»

በዚያው ሰዓት ውስጥ አንብባዋለች፤ ምልክቱ ያሳያል። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። አንዳንድ ቀን እከፍተዋለሁ። ከእኔ ቃላት በታች ያለው ቦታ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ምንም መስመር አይታይበትም።